የጋራ ዕቃና የጋራ ሐይቅ፦ ከጂንጃ የምርምር ጣቢያ የሚቀሰም ትምህርት

በወታደር ቤት ያለፈ ሰው ሁሉ የመሣሪያ ግምጃ ቤትን ሥርዓት ያውቀዋል። ጠመንጃው በቁጥር ይወጣል፣ በቁጥር ይመለሳል፤ ያስረከበው ይፈርማል፣ የተረከበውም ይፈርማል። የመገናኛ ሬዲዮው ባትሪ የደከመ እንደ ሆነ ተሰናባቹ ተረኛ ለተተኪው ይናገራል እንጂ በዝምታ አያልፈውም። በከተማም ቢሆን ይኸው ሥርዓት በሌላ መልክ ይኖራል። የዕድሩ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱና ብርጭቆው የአንድ ሰው ሳይሆን የሁሉም ነው፤ ስለሆነም ንብረት ያዥ ይሾምለታል፣ ከለቅሶ ቤት ሲመለስ ይቆጠራል፣ የተሰበረው ይተካል። ድንኳኑ በዝናብ ርሶ ሳይሰጣ ተጠቅልሎ የተቀመጠ እንደ ሆነ የሚበሰብሰው በሁሉም ላይ ነው፤ ጉዳቱ የሚታወቀውም በሚቀጥለው የሐዘን ቀን ነው።

ዛሬ ለውድ አንባብያን የምናቀርበው ይህንኑ የጋራ ዕቃ ነገር ነው። ምሳሌያችን ግን ከግምጃ ቤትም ከዕድርም ራቅ ያለ ነው። ነጭ ዓባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ በሚወጣበት ሥፍራ፣ በዩጋንዳዋ የጂንጃ ከተማ፣ በሐይቁ ዳር የተመሠረተ የዓሣ ምርምር ጣቢያ አለ። ሦስት አገሮች በአንድነት ሲጠቀሙበት ኖረው፣ ኋላ ተለያይተው ተከፋፈሉት፤ ከብዙ ዘመን በኋላም ችግሩ ራሱ ገፍቶ ወደ ጋራ ሥራ መለሳቸው። ጥቁር ዓባይ ከጣና፣ ነጭ ዓባይ ከቪክቶሪያ ወጥተው ካርቱም ላይ የሚገናኙ ስለሆኑ የዚያ ሐይቅ ወሬ ለኛ የባዕድ ወሬ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ሐይቁና ሦስቱ ባለቤቶቹ

ቪክቶሪያ ሐይቅ 68,800 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው፣ ከአፍሪካ ሐይቆች ሁሉ በስፋት አንደኛ የሆነ ውኃ ነው። ሃያ ያህል ጣናዎች ቢገጣጠሙ ነው እርሱን የሚያክሉት። ስፋቱ እንዲህ ይሁን እንጂ ጥልቀቱ እምብዛም ነው፤ እጅግ ጥልቅ የሆነው ክፍሉ እንኳ ከ80 ሜትር ብዙ አይርቅም። ከውኃው ገጽ ግማሽ ያህሉ በታንዛኒያ፣ 43 በመቶ ያህሉ በዩጋንዳ፣ የቀረው 6 በመቶ ያህሉ በኬንያ ክልል ውስጥ ይገኛል።

ድንበሩ በካርታ ላይ በቀጭን መሥመር ተሠምሯል፤ በውኃው ላይ ግን የተተከለ ድንጋይ የለም። ዓሣው ከአንዱ አገር ወደ ሌላው ሲያልፍ የሚጠይቀው ዘብ አላጋጠመውም። በዚያ ሐይቅ በጣት ርዝመት የምትለካ ብርማ ዓሣ አለች፤ ኬንያውያን ኦሜና፣ ዩጋንዳውያን ሙኬኔ፣ ታንዛኒያውያን ዳጋ ይሏታል። ዓሣዋ አንዲት ናት፤ ስሟ ግን ሦስት ነው። የሐይቁ ችግር ሁሉ በዚህች ዓሣ ስም ተጠቃሎ ይታያል ብንል ማጋነን አይሆንም።

ውኃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ እንደሚባለው፣ የጣቢያው ነገር የሚጀምረው ከመረብ ነው። የአገሬው ሰው ቀድሞ በቅርጫት፣ በወጥመድና በመንጠቆ ያጠምድ ነበር። በ1905 ከተልባ እግር ክር የተሠራው፣ ውኃ ውስጥ እንደ ግድግዳ የሚተከለው የአውሮፓ መረብ ወደ ሐይቁ ገባ። መረቡ ዓሣን በብዛት በማውጣቱ ነጋዴው ተደሰተ፤ ጥቂት ዓመታት እንዳለፉ ግን በአንድ ሌሊት በአንድ መረብ የሚያዘው የቆሮሶ ቁጥር እያሽቆለቆለ ሄደ። ከዚህም የተነሣ ማይክል ግራሃም የተባለው እንግሊዛዊ የዓሣ ሊቅ በ1927 እና በ1928 ሐይቁን እየዞረ መረመረ። በ1929 በታተመው ሪፖርቱም ሁለት ነገሮችን አሳሰበ። አንደኛው፣ የመረቡ ዓይን ከአምስት ኢንች ማለትም ከ127 ሚሊ ሜትር እንዳያንስ፤ ሁለተኛው፣ ሐይቁን በሙሉ አንድ አካል እንዲጠብቀው የሚል ነበር። የመጀመሪያው ምክር በመረብ መለኪያ የሚፈጸም ነው። ሁለተኛው ግን በሰዎች ስምምነት የሚፈጸም በመሆኑ እጅግ የከበደው እርሱ ነበር።

አንድ ጣቢያ ለሦስት አገር

የምሥራቅ አፍሪካ የዓሣ ምርምር ድርጅት በጂንጃ የተቋቋመው በ1947 ነው። በዚያን ጊዜ ሦስቱም አገሮች በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር ነበሩ። ጣቢያው በመጀመሪያ በምሥራቅ አፍሪካ ከፍተኛ ኮሚሽን፣ ከ1961 በኋላ አገሮቹ ነፃነታቸውን በሚቀዳጁበት ዘመን በጋራ አገልግሎቶች ድርጅት፣ ከ1967 ጀምሮ ደግሞ በምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ሥር ሆኖ ሠራ። ከባቡሩ፣ ከወደቡ፣ ከፖስታውና ከአየር መንገዱ ጋር የሦስቱ አገሮች የጋራ ንብረት ነበር ማለት ነው።

ለምን በአንድ ላይ? የሚል ጥያቄ ቢነሣ መልሱ ግልጽ ነው። አንድ የምርምር መርከብ መግዛት ለአንድ ደሃ አገር ከባድ ሸክም ነው፤ ለሦስት ግን ይቀላል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንዲሉ። ማይክሮስኮፑ፣ ሚዛኑ፣ ናሙና የሚደርቅበት ምድጃ፣ በፎርማሊን የተነከረ ዓሣ የሚቀመጥበት መደርደሪያ፣ መጻሕፍት ቤቱ፣ የጀልባ ማሰሪያው፣ የሞተር መጠገኛው ቤት፣ እነዚህ ሁሉ ለአንድ ተመራማሪ ቢሠሩ ግማሹን ቀን ሥራ ፈተው ይውላሉ፤ ለብዙዎች ቢሠሩ ግን ዕረፍት የላቸውም።

በዚያ ጣቢያ የሠሩት ሰዎች ስም በዓሣ ሳይንስ መዝገብ ላይ ጎልቶ ይነበባል። ሮዝሜሪ ሎው የተባለችው ተመራማሪ ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የቆሮሶን ዘር አጠናች፤ በ1953 ስታገባ ግን በዘመኑ የቅኝ አገልግሎት ደንብ መሠረት ሥራዋን ለመልቀቅ ተገደደች። ሃምፍሪ ግሪንውድ በ1950ዎቹ በጂንጃ ተቀምጦ የሐይቁን ትንንሽና ባለ ብዙ ዓይነት ዓሣዎች እየለየ መዘገበ። ጆፍሪ ፍራየርም በዚያው ጣቢያ ሠርቷል። ጃክ ቶሊንግ ደግሞ በ1960 እና በ1961 ከጂንጃ እየተነሣ በቡጋያ ደሴት አቅራቢያ በሚገኝ አንድ ሥፍራ ላይ የሐይቁን ሙቀት፣ ኦክሲጅንና አልጌ በየጊዜው ለካ። ይህ የመጨረሻው ሰው ሥራ በኋላ እንደምናየው ከመርከብ ይልቅ ውድ ሆኖ ተገኝቷል።

የጋራ ዕቃ በምን ይጠፋል?

በሐይቅ ዳር ያለ የምርምር ዕቃ ጠባዩ ከባድ ነው። መረብ ከውኃ ሲወጣ ቅርፊትና ንፍጥ ይዞ ይወጣል፤ ታጥቦ በጥላ ካልተሰጣ ይበሰብሳል፣ አይጥም ይበላዋል። የጀልባ ሞተር አሸዋና ጭቃ ከሳበ በኋላ በንጹሕ ውኃ ካልታጠበ የማቀዝቀዣው ቧንቧ ይደፈናል። የማይክሮስኮፕ መነጽር በሐይቅ ዳር እርጥበት ሻጋታ ያበቅላል። እነዚህ ሁሉ ሰው ሊያስተውላቸው የሚችላቸው ጉዳቶች ናቸው።

ከዚህ የሚብሰው ግን በዓይን የማይታየው ብልሽት ነው። በውኃ ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን ለመለካት ናሙናው በጠርሙስ ከተቀዳ በኋላ ወዲያው መድኃኒት ተጨምሮበት እንዲረጋ ይደረጋል፤ ከዚያም በቤተ ሙከራ በሌላ መድኃኒት ጠብታ እየተቆጠረ መጠኑ ይታወቃል። ይህ የጠብታ መድኃኒት ከቆየ ኃይሉ ይለወጣል። ከተመራማሪዎቹ አንዱ አሮጌውን ጨርሶ በጠርሙሱ ላይ ቀን ሳይጽፍ አዲስ ቢያዘጋጅ፣ ቀጥሎ የመጣው ሰው የሚያገኘው ቁጥር የሐይቁ ሳይሆን የጠርሙሱ ይሆናል። ሚዛንም እንደዚሁ ነው፤ ሳይስተካከል የቀረ ሚዛን በሁሉም ዓሣ ላይ እኩል ይዋሻልና ማንም አይጠረጥረውም። ዒላማ ላይ ሳይስተካከል በፊት ወደ ግዳጅ የተወሰደ ጠመንጃ ምን እንደሚያደርግ ለወታደር አንባቢያችን ማስረዳት አያሻንም። ተኳሹ ጎበዝ ነው፤ ጥይቱ ግን ሌላ ቦታ ይወድቃል።

ይልቁንም ቀላሉ መሣሪያ ከሁሉ ይበልጥ ያስተምራል። የውኃን ጥራት ለመለካት ሴኪ የሚባል የሳሕን ቅርጽ ያለው ሰሌዳ በገመድ ታስሮ ወደ ውኃ ይወርዳል፤ ከዓይን ሲሰወር ገመዱ ስንት ሜትር እንደ ገባ ይነበባል። ዋጋው ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም። ሆኖም ገመዱ ተበጥሶ ሌላው ሰው ሲቀጥለው ምልክቶቹን በትክክል ካላኖረ፣ የሐይቁ ውኃ በአንድ ሌሊት የጠራ ወይም የደፈረሰ መስሎ በመዝገብ ላይ ይሠፍራል። ከዓመታት በኋላ ያን መዝገብ የሚያነብ ሰው የገመዱን ቋጠሮ የሐይቅ ለውጥ አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል።

ስለሆነም የጋራ ጣቢያ የሚኖረው በአምስት ነገሮች ነው። የመጀመሪያው፣ ለእያንዳንዱ ዕቃ ስሙ የታወቀ አንድ ኃላፊ መኖር ነው፤ የሁሉም ኃላፊነት የሆነ ዕቃ ኃላፊ የለውምና። ሁለተኛው ተራ ነው፤ መርከቡ በማን ቀን ለማን እንደሚወጣ አስቀድሞ ተጽፎ በግድግዳ ላይ መለጠፍ አለበት፣ ማዕረግም ተራን ሊሽረው አይገባም። ሦስተኛው መዝገብ ነው፤ የወጣበት ሰዓት፣ የተቃጠለው ነዳጅ፣ የተሰበረው ነገር ያለ እፍረት ይጻፍ። ሰው መስበሩን በጻፈ ጊዜ የሚቀጣ ከሆነ ቀጣዩ ሰው አይጽፍም፤ በመሐል ሐይቅ ላይ ሞተሩ የሚጠፋበት ግን ያ ቀጣይ ሰው ነው። አራተኛው የመለዋወጫና የነዳጅ ገንዘብ ነው፤ ዕቃ ለመግዛት ገንዘብ የሚሰጥ ሰው ብዙ ነው፣ ለሻማና ለዘይት የሚሰጥ ግን ጥቂት ነው። አምስተኛው፣ በጋራ ዕቃ የተገኘ ቁጥር ቅጂው በጋራ ቤት እንዲቀር ማድረግ ነው። ተመራማሪው ደብተሩን በሻንጣው ይዞ ወደ አገሩ ቢሄድ መርከቧ ለሽርሽር ወጥታ እንደ ተመለሰች ይቆጠራል።

ኢቢስ በሐይቁ ላይ

የጋራ ሥራው ከፍተኛ ደረጃ የደረሰው ከ1969 እስከ 1971 ባሉት ዓመታት ነበር። በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራምና በምግብና እርሻ ድርጅቱ እርዳታ፣ ኢቢስ የተባለችው የምርምር መርከብ ከኋላዋ ትልቅ መረብ እየጎተተች የሦስቱንም አገሮች ውኃ አሰሰች። መረቡ አንድ ዓይነት፣ አጎታተቱም አንድ ዓይነት በመሆኑ በታንዛኒያ በኩል የተያዘው በኬንያ በኩል ከተያዘው ጋር ሊነጻጸር ቻለ።

የተገኘው ውጤት አስደናቂ ነበር። በሐይቁ ወለል አካባቢ ከሚኖረው ዓሣ በክብደት ከመቶ ሰማንያው ያህል ግሪንውድ ሲለያቸው የነበሩት ትንንሽ ዓሣዎች ሆነው ተገኙ። ሊቃውንት ሃፕሎክሮሚን ይሏቸዋል፤ ዩጋንዳውያን ንኬጄ፣ በምዋንዛ በኩል ያሉት ፉሩ፣ የኬንያ ሉዎዎች ፉሉ ይሏቸዋል። በመቶ የሚቆጠሩት ዝርያዎቻቸው ከዚያ ሐይቅ በቀር በዓለም ላይ በየትም አይገኙም ነበር። አንዱ አልጌ ይበላል፣ ሌላው ቀንድ አውጣ ይሰብራል፣ ሌላው ጭቃ ያበጥራል፤ ሐይቁን የሚያጸዱና የሚያንቀሳቅሱ የብዙ እጆች ሠራዊት ነበሩ።

ዕቃው ሲከፋፈል

በሦስቱ መንግሥታት መካከል የነበረው አለመግባባት በ1970ዎቹ እየከረረ ሄደ። በየካቲት 1977 የኬንያና የታንዛኒያ ድንበር ተዘጋ፤ በዚያው ዓመት አጋማሽም የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ፈረሰ። አውሮፕላኖች፣ ባቡሮች፣ መርከቦች በየነበሩበት ቀሩ። የጂንጃው ጣቢያ ሕንጻና ኢቢስ በዩጋንዳ እጅ ሆኑ። ኬንያ በ1979 የባሕርና የዓሣ ምርምር ተቋሟን፣ ታንዛኒያ በ1980 የዓሣ ምርምር ተቋሟን አቋቋሙ። ዩጋንዳም የጂንጃውን ጣቢያ የራሷ አደረገች።

የማኅበረሰቡን ንብረት ለመከፋፈል ቪክቶር ኡምብሪክት የተባለ ስዊስ ሸምጋይ ተሰየመ። ሽምግልናው ዓመታት ፈጅቶ በ1984 በግንቦት ወር አሩሻ ላይ ተፈረመ፤ ከንብረቱ ለኬንያ 42፣ ለታንዛኒያ 32፣ ለዩጋንዳ 26 በመቶ ደረሰ። ዕዳም ሀብትም ተመዘነ። ሊመዘን ያልቻለ አንድ ነገር ግን ነበር፤ እርሱም የምልከታው ተከታታይነት ነው። ሐይቁን በሙሉ በአንድ መርከብና በአንድ መረብ የማሰስ ሥራ እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ ድረስ ሳይደገም ቀረ። በዩጋንዳ በኩል የ1979 ጦርነትና ተከትሎት የመጣው የእርስ በርስ ውጊያ ችግሩን አባባሰው።

በነዚያ ዓመታት ነበር ሐይቁ የተገለበጠው።

ማንም ያልጠበቀው እንግዳ

ናይል ፐርች በአርባ ምንጭ አካባቢ ለሚኖሩ አንባብያን አዲስ አይደለም፤ በጫሞና በአባያ ሐይቆች ጥንቱኑ ያለ ትልቅ ዓሣ ነው። ክብደቱ እስከ 200 ኪሎ ግራም ሊደርስ ይችላል። በቪክቶሪያ ሐይቅ ግን አልነበረም። በ1950ዎቹ ዩጋንዳ ውስጥ የዓሣ ሀብት ሹማምንት ከአልበርት ሐይቅ አምጥተው ወደ ቪክቶሪያ መልቀቅ ፈለጉ፤ ትንንሾቹን እየበላ ለሰው የሚጠቅም ትልቅ ሥጋ ይሆናል የሚል ሐሳብ ነበራቸው። በጂንጃ የነበሩት ተመራማሪዎች ተቃወሙ። ጆፍሪ ፍራየር በ1960 ባሳተመው ጽሑፍ ሥራው አደገኛ እንደ ሆነ በግልጽ አስጠነቀቀ። ነገር ግን ክርክሩ ገና ሳያልቅ ዓሣው በ1954 ገደማ በዝምታ ተለቅቆ ኖሯል፤ በ1960 በሐይቁ ውስጥ ተገኘ፤ በ1962 እና በ1963 ደግሞ በይፋ ተጨመረ።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውል እንፈልጋለን። የጋራ ሐይቅ ራሱ የጋራ ዕቃ ነው። ጓደኞቹን ሳያማክር የጋራውን ሞተር ፈትቶ ሌላ ብረት የሚገጥም ሰው ምናልባት የሚያሻሽለው መስሎት ይሆናል፤ የሚያበላሽ እንደ ሆነ ግን የሚቆመው የሁሉም ሞተር ነው።

ዓሣው ለሃያ ዓመት ያህል ብዙም ሳይታይ ቆየ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ በኬንያ በኩል፣ ቀጥሎ በዩጋንዳ፣ ቀጥሎም በታንዛኒያ በድንገት ፈላ። ሠራዊት የነበሩት ትንንሽ ዓሣዎች እንደ ጠዋት ጤዛ ረገፉ። ሁለት መቶ ያህል ዝርያዎች እንደ ጠፉ ሊቃውንት ይገምታሉ። በታንዛኒያ በኩል ይህን በቅርብ ለማየት የተቻለው፣ ከ1977 ጀምሮ የኔዘርላንድስ የላይደን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በምዋንዛ ባሕረ ሰላጤ ያንኑ ሥፍራ ደጋግመው በመረብ ይመረምሩ ስለነበር ነው። መላው ሐይቅ ግን በአንድ ዓይን የሚያየው አልነበረም። ዘቦቹ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው በር ላይ ቆመው ሳለ ሰፈሩ በመሐል ተቃጠለ።

እውነቱን ለመናገር ናይል ፐርች ጥፋት ብቻ አላመጣም። ኬንያውያን ምቡታ፣ ታንዛኒያውያን ሳንጋራ የሚሉት ይህ ዓሣ ፋብሪካ አስከፈተ፣ ወደ አውሮፓ ተልኮ የውጭ ምንዛሪ አስገኘ፣ ለብዙ ሺህ ሰው እንጀራ ሆነ። ለሐይቁም መለወጥ ምክንያቱ እርሱ ብቻ አልነበረም። ከእርሻና ከከተማ ታጥቦ የሚገባው አፈርና ቆሻሻ አልጌን አብዝቶ ውኃውን አደፈረሰ።

ይህስ በምን ታወቀ? መልሱ ወደ ቶሊንግ ደብተር ይመልሰናል። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሌሎች ተመራማሪዎች ወደዚያው ወደ ቡጋያ አካባቢ ተመልሰው ሲለኩ አልጌው በብዙ እጅ በዝቶ፣ የጥልቁ ውኃ ኦክሲጅን ከበፊቱ ይበልጥ ተመናምኖ አገኙት። የ1960 እና የ1961 ቁጥሮች በጥንቃቄ ተለክተው፣ ሥፍራውም በትክክል ተጽፎ ባይቆይ ኖሮ የሚነጻጸር ነገር ባልኖረ ነበር። አንድ ተመራማሪ በጋራ ጀልባ ወጥቶ፣ በጋራ ቤተ ሙከራ ጠብታ ቆጥሮ ያኖረው መዝገብ፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ ለሦስት አገር ምስክር ሆኖ ቆመ።

ተመልሶ መገናኘት

በ1980ዎቹ መጨረሻ ሌላ እንግዳ መጣ፤ እርሱም እንቦጭ ነው። በነፋስ እየተገፋ ጠዋት በአንዱ አገር፣ ማታ በሌላው አገር ወደብ ያድር ጀመር። ጀልባ አላስወጣ፣ ውኃ አላስቀዳ አለ። አንዱ አገር ቢያጸዳ የጎረቤቱ አረም ተንሳፍፎ ይመጣበታልና ብቻውን የሚያሸንፈው አልነበረም። በ1990ዎቹ አጋማሽ ሦስቱም አገሮች እንቦጩን የሚበላ የነቀዝ ዓይነት እያራቡ ለቀቁበት፤ በ1998 አካባቢም አረሙ በብዙ ሥፍራ ቀነሰ። ሆኖም ጨርሶ አልጠፋም።

በሰኔ 30 ቀን 1994 ሦስቱ መንግሥታት ኪሱሙ ላይ የቪክቶሪያ ሐይቅ የዓሣ ሀብት ድርጅትን የሚያቋቁመውን ስምምነት ፈረሙ። ዋና መሥሪያ ቤቱም ጂንጃ ሆነ፤ ከ1947 ጀምሮ የጋራ ሥራ ወደ ተለመደባት ከተማ ተመለሱ ማለት ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ ራሱ በኅዳር 1999 በተፈረመ ውል እንደገና ተቋቋመ።

በዚሁ በ1999 በአውሮፓ ኅብረት እርዳታ፣ ቪክቶሪያ ኤክስፕሎረር በተባለች መርከብ መላውን ሐይቅ በድምፅ የማሰስ ሥራ ተጀመረ። መሣሪያው ወደ ውኃ ድምፅ ይልካል፤ ድምፁ ዓሣውን ነክቶ ሲመለስ ከሚሰማው ማስተጋባት የዓሣው ብዛት ይገመታል። መርከቧ ከመነሣቷ በፊት ማስተጋባቱ አስቀድሞ የታወቀ የብረት ኳስ ከሥሯ ተንጠልጥሎ መሣሪያው ይስተካከላል። በመርከቧም ላይ ከሦስቱ አገሮች የተውጣጡ ባለሙያዎች አብረው ይሳፈራሉ። ከ2000 ጀምሮ ደግሞ በሦስቱም አገሮች ዳርቻ ያሉ ጀልባዎች፣ መረቦችና ዓሣ አጥማጆች በአንድ ዓይነት ቅጽ ሲቆጠሩ ኖረዋል። ሁሉም የሚመራበት የጋራ የአሠራር መመሪያ ተጽፏል፤ ያ ባይኖር ኖሮ አንዲቷ ዓሣ በሦስት ስም ብቻ ሳይሆን በሦስት ዓይነት ሚዛን ትመዘን ነበር።

ለኛ የሚበጀው

አገራችንም የሐይቅ አገር ናት። በባሕር ዳር በጣና ዳርቻ፣ በባቱም በዝዋይ ሐይቅ ዳርቻ የዓሣና የውኃ ሕይወት ምርምር ማዕከላት አሉ። ጣናም በ2011 እንቦጭ ታይቶበት እጅግ ብዙ ገበሬ በእጁ ሲነቅል ተመልክተናል። ስለዚህ ከጂንጃ የምንወስደው ትምህርት በሩቁ የሚሰማ ተረት አይደለም።

ትምህርቱም ይህ ነው። የጋራ ዕቃ የሚጠበቀው በፍቅር ጊዜ በተጻፈ ሥርዓት ነው፤ ጠብ ከመጣ በኋላ የሚጻፍ ሥርዓት የክፍፍል ሰነድ ይሆናል። ዩኒቨርሲቲውና ማዕከሉ፣ የውኃ መሥሪያ ቤቱና የዓሣ አጥማጆች ማኅበሩ አንዲት ጀልባ በጋራ ቢይዙ፣ መጀመሪያ ሊስማሙ የሚገባቸው በጀልባዋ ቀለምና ስም ላይ አይደለም። ቁልፉ በማን እጅ ነው? ዘይቱን ማን ይገዛል? ሲሰበር ማን ይጠግናል? ቁጥሩ የት ይቀመጣል? በነዚህ ላይ ነው መስማማት ያለባቸው። አለቃ ይለወጣል፣ ባለሙያ ይዛወራል፣ እርዳታ ሰጪ ይሄዳል፤ መዝገቡ ግን በቦታው ካለ አዲስ የመጣው ሰው የቀደመው ካቆመበት ይቀጥላል።

በመነሻችን ላይ የዕድሩን ድንኳን አንሥተን ነበር። አንድ ዕድር ቢጣላና ድንኳኑን በሦስት ቀዶ ቢካፈል፣ ሂሳቡ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ለእያንዳንዱ ወገን ሲሶው ደርሶታልና ቅር የሚለው የለም። ሐዘን በመጣ ቀን ግን አንዱም ቁራጭ ለቀስተኛን ከዝናብ አያስጥልም። ሦስቱ የሐይቁ ጎረቤቶች ይህን ለማወቅ ከ1977 እስከ 1994 አሥራ ሰባት ዓመት ፈጅቶባቸዋል፤ በዚያ መካከል የጠፉት ዓሣዎች ደግሞ ስምምነት ስለተፈረመ አልተመለሱም። እኛ በጋራ የያዝነውን ሁሉ፣ ጀልባም ይሁን ሬዲዮ፣ ድስትም ይሁን ደብተር፣ ዛሬ ማታ ቆጥረን፣ ጎድሎ የተገኘውንም ጽፈን እንደር።